«መካን ናት» ከማለታችን በፊት

 



በየሰፈራችን በሹክሹክታ የምትዞር አንዲት ቃል አለች። በቡና ላይ ትነሣለች፣ በለቅሶ ቤት ትነሣለች፣ ከሠርግ መልስም ትነሣለች። «መካን» የምትባለዋ ቃል ናት። አንድ ባልና ሚስት ተጋብተው ሦስት አራት ዓመት ልጅ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ ይህች ቃል ከጎረቤት ተነሥታ ቤታቸው ትገባለች፤ ስትገባም ባልየውን አልፋ ሚስቲቱ ላይ ታርፋለች። ማን መርምሮ? በየትኛው ማስረጃ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ከጣና ሐይቅ ዳር በደልጊ ቁርኣን የማስቀራ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ ስለ ልጅ ማጣት ሕክምናና በተለምዶ «የቱቦ ሕፃን» ስለሚባለው ነገር የምጽፈው፣ አንድ ጊዜ ሐኪም ፊት ተቀምጬ የሰማሁት ነገር በራሴ ላይ ስለፈረደብኝ ነው። የሕክምናውንም ነገር ሐኪሙ እንዳስረዱኝና ከዚያ ወዲህ ጠይቄ እንደተረዳሁት አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥፋቴን ላስቀድም።

ከዓመታት በፊት አንድ የአካባቢያችን ገበሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቆይቶ አማከረኝ። «ሸኽየ፣ ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆነን፤ ልጅ አላገኘሁም። እናቴም ሌት ተቀን ታለቅሳለች። ምን ይሉኛል?» አለኝ። ስለ ሶብር ጥቂት ነገርኩት። ቀጥዬም ማስተዳደርና በፍትሕ መያዝ ለሚችል ሰው ሁለተኛ ሚስት ማግባት በሸሪዓ የተፈቀደ መሆኑን አስረዳሁት። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ጥፋቴ ባልጠየቅኩት ጥያቄ ላይ ነበር። «አንተስ ተመርምረሃል ወይ?» አላልኩትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩም ትዝ አላለኝም።

ሰውየው ሁለተኛ ሚስት አገባ። የመጀመሪያይቱ ቤቱ ጠበባት፤ ነገሩ እየተካረረ ሄደና ዓመት ሳይሞላ በፍቺ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። «መካኗ» የሚለው ስምም አብሯት ሄደ። ሁለተኛይቱም ሦስት ዓመት ተቀመጠች፤ ልጅ የለም። አማቷ «ይችም እንደዚያችው ሆነች» ማለት ሲጀምሩ፣ ይህች ሴት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ነበረችና «ሐኪም ቤት እንሂድ፤ ግን ብቻዬን አልሄድም፤ ሁለታችንም እንታይ» ብላ ድርቅ አለች። ሰውየው ስላፈረ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ። ሦስት ሆነን ወደ ከተማ ሄድንና አንድ የማህፀን ሐኪም ፊት ቀረብን።

ሐኪሙ ጥቂት ከጠየቁን በኋላ ሴቲቱ ለምርመራ ብድግ ስትል፣ «ቆይ እህቴ፣ ተቀመጪ። መጀመሪያ የእሳቸው ነው» አሉ። ሰውየው ደነገጠ። «እኔ ምን ሆንኩና? አርሼ የምበላ ጤነኛ ሰው አይደለሁ?» አለ። ሐኪሙም ፈገግ ብለው «አባወራ፣ ጉልበትዎን አላማሁም። ጉልበት ሌላ ነው፣ ዘር ሌላ ነው። ሽንብራ ዘርተው ሳይበቅል ቢቀር መሬቱን ብቻ ይወቅሳሉ? ወይስ ከዘሩ እፍኝ ይዘው ነቀዝ እንዳልነካው ያያሉ?» አሉት። ገበሬ ነውና መልስ አላጣም፤ አንገቱን ግን ደፋ።

ምርመራው ተደረገ፤ ለማረጋገጥም ከሳምንታት በኋላ ተደገመ። በሰውየው ፈሳሽ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ አልታየም። ሐኪሙ ወደ ኋላ ሄደው ሲጠይቁት፣ በጉርምስናው ጆሮ ደግፍ ይዞት እንደነበርና በዚያው ሰሞን የዘር ፍሬው አብጦ ተኝቶ እንደነበር አስታወሰ። ጆሮ ደግፍ ከጉርምስና በኋላ ሲይዝ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጉዳት ጥሎ ይሄዳል። በመልስ ጉዟችን ሦስታችንም አልተነጋገርንም። እኔ የማስበው በወንድሟ ቤት ስላለችው ሴት ነበር።

ውድ አንባቢያን! ሐኪሙ የነገሩን ነገር ለየቤቱ የሚጠቅም ስለሆነ በቅደም ተከተል ላቅርበው።

ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው እየኖሩ 12 ወር ሙሉ ፅንስ ካልተገኘ መመርመር ይገባቸዋል። የሚስት ዕድሜ ከ35 ዓመት ካለፈ ደግሞ ከ6 ወር በላይ መጠበቅ አይመከርም። ምክንያቱም የሴት ልጅ ዕንቁላል ስትፈጠር አብሯት የተፈጠረ ነው፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር በብዛትም በጥራትም እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ችግር የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከ6 አዋቂዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ልጅ የማግኘት ችግር ይገጥመዋል።

ፅንስ እንዲገኝ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ደኅና የወንድ ዘር፣ በየወሩ የሚለቀቅ ዕንቁላል፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ክፍት የማህፀን ቱቦና ፅንሱ የሚያርፍበት ጤነኛ ማህፀን ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚገኙ ሰው ሁሉ እንከኑን እዚያው ይፈልጋል። ነገር ግን ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት በሕክምናው የታወቀ ነው። በሁለቱም ላይ እንከን የሚገኝበት አለ፤ ምንም ምክንያት የማይገኝበትም አለ።

የወንዱ ምርመራ ከሁሉም የቀለለ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከሚስቱ ተቆጥቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፤ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ቁጥሩን፣ እንቅስቃሴውንና ቅርፁን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ለቁጥሩ የተቀመጠው ዝቅተኛ መመዘኛ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። በዚህ ምርመራ ቢላም የለ፣ መርፌም የለ። በሚስት አጋዥነት ዘርን ለሕክምና መስጠትንም ዑለማ ለችግር ሲባል ፈቅደውታል። የሴቲቱ ምርመራ ግን የደም ምርመራ አለው፣ አልትራሳውንድ አለው፣ በማህፀን በኩል ቀለም አስገብቶ ራጅ ማንሣት አለው፤ ሕመምም አለው። ታዲያ ቀላሉን ትቶ ከባዱን ማስቀደም ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እንከኑ በሴቲቱ በኩል ሲገኝስ? በአፍሪካ ምድር ለሴቶች መውለድ አለመቻል ዋነኛው ምክንያት የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ቱቦውን የሚዘጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በወቅቱ ያልታከመ ኢንፌክሽን ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ የተባሉት የአባለ ዘር በሽታዎች አሉበት፤ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚከተል ኢንፌክሽንም አለበት። ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት የአባለ ዘር በሽታ ከየት እንደሚመጣባት አንባቢ ራሱ ይመልስ። እንግዲህ ጉዳቱ በእሷ ሰውነት ላይ ተገኘ ማለት መንስኤው እሷ ናት ማለት እንኳ አይደለም።

አሁን ወደ ሃይማኖታችን እንመለስ። ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ግዴታ መሆኑን ፊቅህ የተማረ ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ አንዲት ላም፣ ስለ አንድ ክንድ ድንበር ስንከራከር ምስክር እንጠራለን። የአንዲት ሙእሚን ስምና ትዳር ሲሆን ግን ያለ ምስክር፣ ያለ ምርመራ እንፈርዳለን። በሱረቱል ሹራ ማብቂያ አካባቢ፣ አላህ (ሱ.ወ) ለሻው ሴት ልጆችን፣ ለሻው ወንዶችን፣ ለሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሻውንም የማይወልድ እንደሚያደርግ እናነባለን። እዚያ ላይ የተጠቀሰው «ዐቂም» የሚለው የዐረብኛ ቃል ለወንድም ለሴትም እኩል ያገለግላል። ቁርኣኑ ለሁለቱም ያለውን ቃል ለሴት ብቻ ያደረግነው እኛ ነን።

የነቢዩ ዘከሪያን (ዐ.ሰ) ዱዓእ ደግሞ እናስተውል። በሱረቱ መርየም መጀመሪያ ላይ ልጅ ሲለምኑ በቅድሚያ ያነሡት የራሳቸውን ድካም ነው፤ የአጥንታቸውን መላላትና የራሳቸውን ሽበት። የሚስታቸውን አለመውለድ ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ነቢይ ሆነው፣ ጌታቸውን በድብቅ እየለመኑ፣ ከራሳቸው ጀመሩ። እኛስ ከማን ነው የምንጀምረው?

«ልጅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የተወኩል ጉድለት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። መነሻቸው መልካም ነው፤ ልጅ የሚሰጠው በእርግጥ አላህ ብቻ ነው። ነገር ግን እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ወባ ሲይዘን ምን እናደርጋለን? ጤና ጣቢያ ሄደን ደም እንሰጣለን፣ ክኒኑን እንውጣለን፣ ሲሻለንም አልሐምዱሊላህ እንላለን። ክኒኑን ዋጠ ተብሎ ኢማኑ የተጠረጠረ ሰው አላየሁም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዝዘዋል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ እንዳወረደ አስተምረዋል። ሰበብን መያዝ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ከተወኩል ጋር የሚጣላው ክታብ ለመግዛት፣ ጠንቋይ ደጅ ለመጥናት፣ ድግምት ለማስፈታት የሚባክነው ገንዘብና ዕድሜ ነው። ለዚያ በሬ የሚሸጥ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲባል «ቀደሬ ነው» ይላል። የባከነው ዕድሜ ደግሞ የማይመለሰው የሴቲቱ ዕድሜ ነው።

አብዛኞቹ ጥንዶች «የቱቦ ሕፃን» ከሚባለው ሳይደርሱ በቀላል መንገድ ሊረዱ ይችላሉ። ዕንቁላል በወቅቱ የማይለቀቅላት ሴት በክኒን ልትታከም ትችላለች፤ ኢንፌክሽን በመድኃኒት፣ የሆርሞን መዛባት በሕክምና፣ በወንድ የዘር ፍሬ ላይ ያለ የደም ሥር ማበጥ ደግሞ እንዳስፈላጊነቱ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር፣ ወይም ቱቦው ጨርሶ ሲዘጋ፣ ወይም የወንዱ ዘር እጅግ ሲያንስ ነው ወደዚያኛው የሚኬደው።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ስሙ እንደሚለው ልጅ በቱቦ ውስጥ አያድግም። ሴቲቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ገደማ በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ ይህም በአንድ ወር ብዙ ዕንቁላል እንዲበስል ነው። ሲበስል በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ሕመሙ በመድኃኒት ተቀንሶ፣ ዕንቁላሎቹ በቀጭን መርፌ ይወሰዳሉ። ከዚያም በላቦራቶሪ ውስጥ በትንሽ ሣህን ላይ ከባልየው ዘር ጋር ይገናኛሉ። ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ በተጠበቀ ሣጥን ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆዩና፣ ከተገኙት ፅንሶች አንድ ወይም ሁለት ወደ ሚስቲቱ ማህፀን ይመለሳል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መያዝ አለመያዙ በደም ምርመራ ይታወቃል። የቀረው ዘጠኝ ወር እንደማንኛውም እርግዝና ነው። የባልየው ዘር በጣም ካነሰ ደግሞ አንዲቱን ህዋስ በረቂቅ መርፌ ዕንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1992 በቤልጂየም ብራስልስ ነው።

በዓለም የመጀመሪያዋ በዚህ መንገድ የተገኘች ልጅ ሉዊዝ ብራውን ትባላለች፤ በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978) ተወለደች። እናቷ ቱቦዋ ተዘግቶባት ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትፈልግ የኖረች ሴት ነበረች። የደከሙበት ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ነርሷ ዢን ፐርዲ ናቸው። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቻቸው በሕይወት አልነበሩም።

የሙስሊሙ ዓለም ዑለማ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላሉም። ልጂቱ ከተወለደች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980፣ በኋላ የአል-አዝሀር ሸኽ የሆኑት የዚያን ጊዜው የግብፅ ሙፍቲ ሸኽ ጃደል ሐቅ ዐሊ ጃደል ሐቅ ፈትዋ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ተሰብስቦ ሰባት ዓይነት መንገዶችን መርምሮ አምስቱን ከለከለ፤ ሁለቱን ሲያስፈልግ በጥንቃቄ ፈቀደ። የተፈቀዱት ሁለቱ፣ የባል ዘር በሚስቱ ማህፀን ውስጥ በሕክምና መሣሪያ እንዲገባ ማድረግና፣ የባል ዘርና የሚስት ዕንቁላል ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ወደዚያችው ሚስት ማህፀን መመለሳቸው ናቸው። በተከለከሉት ሁሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ፤ የባዕድ ወንድ ዘር፣ የባዕድ ሴት ዕንቁላል ወይም በኪራይ የሚሸከም ሌላ ማህፀን። ባል ሲሞት ወይም ፍቺ ሲፈጸም ደግሞ ኒካሑ ስለሚያበቃ፣ የተቀመጠውን ዘር ወይም ፅንስ ከዚያ በኋላ መጠቀምን ዑለማ ይከለክላሉ።

ይህ ድንበር ለምን ተሠመረ? ልጁ አባቱን ማወቅ መብቱ ስለሆነ ነው። ማንን እንደሚወርስ፣ ማን እንደሚወርሰው፣ ማንን ማግባት እንደማይፈቀድለት የሚያውቀው በዘሩ ነው። ወላጆች ልጅ ለማግኘት ያላቸው ጉጉት የልጁን መብት ሊያጠፋ አይገባም። በመሆኑም አንድ ሙስሊም ጥንድ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ በግልጽ መጠየቅ ያለበት አለ። ዘሩና ዕንቁላሉ የእኛ ብቻ ነው ወይ? የእያንዳንዱ ጥንድ ዕቃ እንዳይቀላቀል ምን ዓይነት ምልክትና ቁጥጥር አላችሁ? የተረፈ ፅንስ ምን ይሆናል? ስለ ተረፈው ፅንስ ያው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ፣ መዳበር ያለበት በየጊዜው ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሆን፣ ትርፍ ቢገኝም ለሌላ ሴት እንዳይሰጥ ወስኗል። ይህን መጠየቅ ሐኪሙን አያስቆጣውም፤ ሥራውን የሚያከብር ሐኪም የማንን ዘር በእጁ እንደያዘ የማወቅ ግዴታ አለበትና።

በአገራችን ለረዥም ጊዜ ይህን ሕክምና የፈለገ አቅም ያለው ሰው ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 (በ2011 ዓ.ም.) ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ፣ በአሜሪካ ከሚገኘው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። የወገን ሐኪሞች በወገን ቋንቋ የሚያስረዱበት ቦታ መገኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከሐይቁ ዳር ለሚነሣ ገበሬ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ መድኃኒቱም ውድ ነው፤ ምልልሱም ሳምንታት ይወስዳል። ውጤቱም ዋስትና የለውም። በሠለጠኑት አገሮች እንኳ ዕድሜዋ ከ35 በታች ለሆነች ሴት ከሦስት ሙከራ አንዱ ገደማ ነው ልጅ የሚያስገኘው፤ 40 ዓመት ካለፋት በኋላ ዕድሉ እጅግ ይመነምናል። ይህን ሳይናገር ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢገጥማችሁ ተጠንቀቁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። እንከኑ የወንዱ ቢሆን እንኳ መርፌው የሚወጋው ሴቲቱን ነው። ሆዷ የሚነፋው፣ ዕንቁላሏ በመርፌ የሚወሰደው፣ መንታ ቢሆን አደጋውን የምትሸከመው፣ ሳይሳካ ሲቀር በሰውነቷ ሐዘኑን የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ ተፈቀደ ማለት ግዴታ ሆነ ማለት አይደለም። ባል፣ አማት፣ ወይም እንደ እኔ ያለ መምህር «ተፈቅዷልና አድርጊ» ብሎ ሊያስገድዳት አይችልም። ገንዘቡን መቁጠር ያለባቸው ሁለቱም ናቸው፤ የመጨረሻዋን ቃል መናገር ያለባት ግን ሰውነቷን የምትሰጠዋ ናት።

ለዚያ ገበሬም ሐኪሙ መንገዱን አልዘጉበትም። «አንዳንዴ በፈሳሹ ውስጥ ባይታይም ከዘር ፍሬው በቀጥታ በመርፌ ተፈልጎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ከተገኘ በሣህኑ ዘዴ መሞከር ይቻላል። ግን እርግጠኛ ነገር አልነግርዎትም» አሉት። ባልና ሚስቱ ብዙ ሰነበቱበት። በመጨረሻ ሚስቲቱ «ባለን በሬ ዕድል አልገዛም፤ አላህ የሰጠንን እናሳድግ» አለች። እሱም «አንቺ ካልሽ» አለ። የሟች እህቱን ልጅ፣ ወላጅ ያጣችውን ትንሽ ልጅ ወስደው አሳደጉ። በገዛ አባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ ሸሪዓችን የሚያዘው እንደዚሁ ነውና። ሌላ ጥንድ ቢሆን በሬውን ሸጦ ይሞክር ነበር፤ እሱም ትክክል ነው። ሁለቱም የተፈቀዱ መንገዶች ናቸው።

ልጅ የሌለው ቤት ባዶ ቤት ነው የሚል ካለ የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ቤት ያስብ። እሳቸው አልወለዱም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በእህታቸው በአስማእ ልጅ በዐብደላህ ስም «ኡሙ ዐብደላህ» ተብለው እንዲጠሩ አደረጉ። ከኸዲጃ (ረ.ዐ) በኋላ ከገቡት እናቶቻችን አብዛኞቹ ለነቢዩ ልጅ አልወለዱላቸውም፤ በዚህ ምክንያት ደረጃቸው ዝቅ አላለም፤ ቤታቸውም ለሙስሊሞች የዒልም ምንጭ ሆነ። ወላጅ አልባን የሚያሳድግ ሰው በጀነት የነቢዩ ቅርብ ጎረቤት እንደሚሆንም አስተምረውናል። ልጅ አላህ የሚሰጠው አማና ነው። ኒካሕ ሲታሰር የተቆረጠ ዕዳ አይደለም፤ ሚስት የወሰደችው ብድርም አይደለም።

ከዚያ የሐኪም ቤት ጉዞ በኋላ ወደ መጀመሪያይቱ ሴት ሄድኩ። ወንድሟ ባለበት ተቀመጥን። የሆነውን ነገርኳት፤ እኔም ሳልመረምር መናገሬን አምኜ «ዐፉ በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አንቱ በክፋት አላደረጉትም። ዐፉ ብያለሁ። ግን ሸኽየ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት እኔን የጠየቀኝ ሰው አንድም አልነበረም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዕድሜዋ ያን ጊዜ ከአርባ አልፎ ነበር። እሷ መውለድ ትችል ነበር ወይስ አትችልም ነበር? ማንም አያውቅም፤ ከእንግዲህም የሚያውቅ የለም። ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ስሕተቱ ቢታወቅ እንኳ የወሰደውን አይመልስም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ባል ቢኖር፣ ችግሩ በቤቱ ካለ ከሚስቱ በፊት እሱ ይመርመር። ይህ ወንድነቱን አይቀንስበትም፤ የቤቱ ኃላፊ መሆን ማለት በመጀመሪያ ራስን ለጥያቄ ማቅረብ ነውና። ይህን ስል «መካን» የሚለውን ስም ከሴቲቱ አንሥተን ወንዱ ላይ እንለጥፈው ማለቴ አይደለም። ማንም ላይ አይለጠፍ፤ በሽታ እንጂ ነውር አይደለምና። አማት የሆናችሁ እናቶች፣ «ምነው ዘገየሽ?» ከማለታችሁ በፊት ዱዓእ አድርጉ፤ ከዱዓእ በኋላም ልጃችሁንና ሚስቱን አንድ ላይ ወደ ሐኪም ላኩ። እንደ እኔ ምክር የምትጠየቁ መምህራንና ሽማግሌዎችም፣ ስለ ሁለተኛ ሚስትና ስለ ፍቺ ከመናገራችሁ በፊት እኔ ያልጠየቅኩትን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ሁለታችሁም ተመርምራችኋል ወይ?»

አላህ (ሱ.ወ) ልጅ ለሚሹ ሁሉ ሷሊሕ ልጅ ይስጣቸው፤ ላልሰጣቸውም ልባቸውን በእርጋታ ይሙላው። ምላሳችንንም ካልመረመርነው ፍርድ ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።